ስምንት ሰዓት

ውድ ኢዩኤል፣

እሑድ ስትደውል አንስቼ ነበር። ሦስት ጊዜ «ሄሎ» ብለህ ዘጋኸው እንጂ ሦስቴም «አለሁ» ብዬሃለሁ። ቀለበትህን ከመለስኩልህ ወዲህ ለቤቴል «ጓደኛሽ ኮራች» ትላታለህ አሉ። ኮርቼ አይደለም፤ ከትንፋሽ በቀር የሚወጣኝ የለም።

ጎሮ ያሉት ተማሪዎቼ ካንተ ይሻላሉ። በሹክሹክታ ሳስተምራቸው እነሱም በሹክሹክታ «እሺ ቲቸር» ይሉኛል። ዳይሬክተሯ ግን ከመስከረም ጀምሮ ቤተ መጻሕፍት ትገቢያለሽ ብላኛለች።

የእንቅርቱ ኦፕራሲዮን የድምፄን ነርቭ ሲቆርጠው አንተን አልወቀስኩም። ዶክተር ተካልኝ ነርቩን መልሶ ከሰፋው በኋላ፣ «ቀስ ብሎ ነው የሚያድገው። እስከዚያ የጉሮሮሽ ጡንቻ እንዳይሰልል ይሄ ኪኒን ያግዝሽ ይሆናል» አለን። እኔ ተኝቼ ስለነበር ወሎ ሰፈር ካለው መድኃኒት ቤት ያመጣኸው አንተ ነህ። ፋርማሲስቷ ስታስረዳህ ስልክ ታወራ ነበር፤ ራስህ ነህ የነገርከኝ። የወረቀት ፖስታው ላይ በእጅህ «8 ሰዓት» ብለህ ጻፍክልኝ። እኔም በየቀኑ ከምሳ በኋላ፣ ልክ ስምንት ሰዓት ሲል፣ አንዲት ፍሬ እውጣለሁ። የወሩ ኪኒን ሦስት ወር ሲቆይ «እንደ መበለቷ ዘይት ተባረከልን» አላልክም? ስቄም ነበር፣ እኔ ሞኟ።

ከሰው ስሕተት፣ ከብረት ዝገት አይጠፋም። እሱን ይቅር ብዬህ ነበር።

ከሦስት ወር በኋላ ለቀጠሮ ስንሄድ ዶክተሩ «በቀን ስንቴ ነበር የምትወስጂው?» ሲለኝ አንድ ጣቴን አሳየሁት። «በየስምንት ሰዓቱ ነው እኮ ያዘዝኩት!» ብሎ ወደ አንተ ዞረ። ፊትህ ሲለዋወጥ አይቻለሁ። ገብቶህ ነበር። «እኔማ ስነግራት ነበር ዶክተር፣ እሷ ነገር አትሰማም» አልክ። አፌን ከፈትኩ፣ አየር ወጣ፤ ያንተ ድምፅ ዋጠው። ወረቀት አንስቼ ልጽፍለት ስል «ተይ፣ ውጭ ወረፋ አለ» ብለህ እጄን ያዝክ። እሱም ካርዴ ላይ «መድኃኒቱን በአግባቡ አልወሰደችም» ብሎ ጻፈ።

ጡንቻው ሟሽሿል። በአግባቡ ብወስደውም መዳኔ እርግጠኛ እንዳልነበር ነግሮኛል፤ ስለዚህ ድምፄን ወሰድክብኝ አልልህም። ግን ሽማግሌ ልከህ የጠየቅከኝ አንተ፣ እዚያ ክፍል ውስጥ ከሁለታችን ድምፅ ያለህ አንተ ብቻ ሆነህ ሳለ፣ ዋሸህብኝ። በጣም ነው የጠላሁህ።

ፖስታው አልጠፋም፣ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልሃለሁ። እኔም ጽፌ ልሰጠው እችል ነበር፤ ግን ካንተ አፍ ይስማው። ዶክተር ተካልኝ ጋ ሂድና ፖስታው ላይ የጻፍከውን አንብብለት፣ ጮክ ብለህ።

«አለሁ» ስትልህ ያልሰማሃት፣
ናኦሚ