የእናትሽ ፎቶ ከነቀኑ

ጎንደር፣ አዲስ ዓለም
የካቲት 14 ቀን 2002 ዓ.ም.

ለልጄ ለፈህሚያ ዐብዱልከሪም
ጅዳ

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። የዓይኔ ማረፊያ፣ እንዴት ሰነበትሽልኝ?

ይህን ደብዳቤ የምትሰጥሽ ያስሚን ናት። እዚህ ለእረፍት መጥታ ስትመለስ አደራ ያልኳት፣ ጁምዓ ሥራ በማትገቢበት ቀን እሷ ቤት ቁጭ ብለሽ እንድታነቢው ነው። አሠሪዎችሽ ቤት ቆመሽ፣ አንድ ዓይንሽ ድስቱ ላይ ሆኖ እንድታነቢው አልፈለግኩም። ስለዚህ አሁን ቆመሽ ከሆነ ተቀመጪ። ያስሚን ሻይ ላፍላ ብላ ወጥታ ከሆነም ጥሪያትና አጠገብሽ ትቀመጥ። አባትሽ ማዘዝ እንደሚወድ ታውቂያለሽ፤ ይኼኛውን ትእዛዝ ግን ሳታጉረመርሚ ፈጽሚልኝ።

ከራሴ ልጀምር። እኔ ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ። ጉልበቴ ዳገት ባየ ቁጥር ያኮርፋል እንጂ ሱቄን እስካሁን እኔው ነኝ የምከፍተው። ወንድምሽ ሱሀይብም ደህና ነው። ጢሙን አሳድጎ የሰፈሩ ሰው «ሸህ ሱሀይብ» እያለ ያሾፍበታል፤ እሱ ግን እውነት መስሎት በቁም ነገር ሰላምታ ይመልሳል።

አሁን በስልክ ወዳልሽው ነገር ልምጣ። «እማን አገናኙኝ» ባልሽ ቁጥር ሱሀይብ አንዴ ጉሮሮዋን አሟታል፣ አንዴ አዘዞ እህቷ ዘንድ ሄዳለች ሲልሽ ከረመ። ልጁ ውሸት አያውቅበትም። በመጨረሻማ «ሰላት ላይ ናት» አለሽ፤ አንቺም «በዚህ ሰዓት ደግሞ የምን ሰላት ነው?» ስትዪው ስልኩ ተቋረጠ። ኔትወርክ አይደለም ያቋረጠው፣ እሱ ራሱ ነው፤ አጠገቡ ነበርኩ። ቀጥሎ ስትደውዪ እንግዲያው ፎቶዋን ላኩልኝ፣ ጥጉ ላይ የተነሳችበት ቀን የታተመበት ይሁን፣ አለዚያ ሥራውን ጥዬ እመጣለሁ አልሽ። ይህ ሐሳብ ከየት እንደመጣልሽም ነገርሽን። ያቺ እዚያው ያገኘሻት የኮሶዬዋ ጓደኛሽ እጅጋየሁ፣ አባቷ ካረፉ በኋላ ቤተሰቦቿ የድሮ ፎቷቸውን እየላኩ ዓመት ሙሉ እንዳታለሏት አጫወትሽን። ቀን የሌለው ፎቶ አላምንም አልሽ። ብልህ ነሽ፤ በዚህ በእናትሽ ነው የወጣሽው።

ሱሀይብ ኮንትራትሽ ሊያልቅ ስለተቃረበ ትምጣና እቤቷ፣ ዘመድ መሐል ሆና ትስማው ባይ ነው። ክፋት የለበትም። እኔም ሐሳቡን ተቀብዬ ነበር፤ ሰው ተሰብስቦ፣ ማለዳ ቤት ድረስ ተሄዶ የሚነገር ነገር በስልክ አይወረወርም ብዬ።

ልጄ፣ እዚህ ስትደርሺ የገባሽ ይመስለኛል። ያስሚን፣ እጇን ያዥልኝ። እናትሽ ኩልሱም ጥር አምስት ቀን፣ ረቡዕ፣ ወደ አኼራ ሄዳለች። ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን።

አልቅሺ። ደብዳቤው ይጠብቅሻል።

...

በቃሽ አልልሽም፤ እኔም አልበቃኝም። ግን እንዴት እንደሆነ መስማት ትፈልጊያለሽ። ጉንፋን ብለን የናቅነው ነገር ደረቷ ውስጥ ገባ። ሐኪም ቤት አስተኛናት፤ የሚሠራላት ሁሉ ተሠራላት፤ ከአላህ የመጣውን ግን መመለስ አልተቻለም። ብዙ አልተሠቃየችም። ስምሽን ጠርታለች። ኑዛዜ እንዳይመስልሽ፤ «የፈህሚያን ብርድ ልብስ ለእንግዳ እንዳትሰጡብኝ» አለችን። እስካሁን ሳጥኑ ውስጥ ተቆልፎበታል፤ ሱሀይብ እንኳ ሊነካው ይፈራል። ዕለቱኑ ከሰዓት፣ ከዐስር ሰላት በኋላ ቀበርናት። አዲስ ዓለም ሙሉ ወጥቶ ሸኛት፤ ክርስቲያን ጎረቤቶቻችንም ቀብሩ ድረስ መጥተው እስኪያልቅ ቆመው ዋሉ። ቀባሪ አላጣችም፤ የጎደልሽው አንቺ ብቻ ነሽ።

ታዲያ እስከ ኮንትራትሽ ማብቂያ ይደበቅ ብዬ የተስማማሁት ሰውዬ ለምን ዛሬ ቁጭ ብዬ እጽፍልሻለሁ? ፎቶው ነው ያስጻፈኝ።

ባለፈው ሰኞ ፒያሳ በኩል ሳልፍ ፎቶ ቤት ያለው ላቀው ጠራኝ። ላቀው የመካነ ብርሃን ልጅ ነው፤ ጎንደር ብዙ ዓመት ቢኖርም አነጋገሩ አሁንም የጃናሞራ ነው። ለእናትሽም ለቅሶ ደርሷል። «አያ ዐብዱልከሪም፣ የሱሀይብ ፎቶ ደርሷል፣ ይዘውለት ይሂዱ» አለኝ። ፖስታውን እዚያው ከፈትኩት። እናትሽ ናት። ከሻሿ እስከ አገጯ ፊቷ ብቻ ነው የሚታየው፤ ትስቃለች። ከታች በቀኝ በኩል በብርቱካንማ ቁጥር 15/02/2010 ይላል።

«ይኼ ምንድን ነው?» አልኩት።

«ቀኑ ነዋ።»

«የየትኛው ቀን?»

«የዛሬ፣ በፈረንጅ» አለኝ አንገቱን ደፍቶ።

ፈህሚያ፣ አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ። የቀበርኳት እኔ ነኝ፤ አፈሩን በእጄ አልብሻታለሁ። ያንን ቁጥር ሳይ ግን ጠዋት እቤት ትቻት የወጣሁ መሰለኝ። ምሳ ምን ሠርታ ይሆን ብዬ አሰብኩ። ለምሳ ልሂድ ብዬ ደጃፉ ላይ ደርሼ ግድግዳውን ይዤ ቆምኩ፤ ላቀው ሮጦ ወንበር ሳበልኝ።

«ምነው አያ፣ አመመዎት?»

«ማነው ይህን ጻፍ ያለህ?»

«ሱሀይብ ነው። እኔ ተው ብየው ነበር። ሰው ሠርግ ያስጽፋል፣ ክርስትና ያስጽፋል፣ እጽፍለታለሁ። ያረፈን ሰው ዛሬ ተነሳ ብየ ግን ጽፌ አላውቅም። እህቴ ሥራዋን ጥላ መንገድ ላይ ትወጣብኛለች ብሎ ቢያለቅስብኝ ጊዜ እሽ አልሁት። ፎቶው እንደሁ ሸጋ ወጥቷል፣ እኔን ግን ቀፈፈኝ።»

እዚያው ወንበር ላይ ሆኜ አሰብኩት። ፎቶው ቢደርስሽ ታምኚ ነበር። ትስሚው ነበር፤ ትራስሽ ሥር አድርገሽው ትተኚ ነበር። ከወራት በኋላ መጥተሽ ስትሰሚ ደግሞ መጀመሪያ የምታወጪው ያንን ፎቶ ነው። ከዚያ ወዲያ እኔ ራሴ «ደህና ነኝ» ብልሽ ማን ያምነኛል? እናትሽን አላህ ወሰዳት፤ በእኛ ላይ ያለሽን እምነት ግን የምንወስድብሽ እኛው ነን። ይህ አስፈራኝ። ሌላም ነገር አለ። ቀናሁብሽ። እኔ ያጣኋትን አንቺ በዚያ ቁጥር ምክንያት ይዘሻት ልትቆዪ ነው ብዬ በገዛ ልጄ ቀናሁ። ሰው ሲያረጅ እንዲህ ሞኝ ይሆናል።

ማታ ሱሀይብን አስቀምጬ ነገርኩት። መጀመሪያ ተቆጣ፣ ቀጥሎ እንደ ሕፃን አለቀሰ፣ በመጨረሻ «እሺ፣ ግን አንተ ጻፍላት» አለኝ። ስትደውዪ አትቆጪው። ላንቺ ብሎ ነው የዋሸው፤ መዋሸቱ ራሱን ከሁላችን በላይ ጎድቶታል። ያንን ፎቶ ቅደደው ቢለኝ ቀድጄዋለሁ አልኩት። አልቀደድኩትም። ሱቅ መሳቢያ ውስጥ አለ፤ ገበያ ሲቀዘቅዝ አውጥቼ አየዋለሁ። ይህን ለእሱ እንዳትነግሪብኝ።

ሥራሽን ጥለሽ ነይ አልልሽም፣ ጨርሰሽ ነይም አልልሽም። ትልቅ ሰው ነሽ፤ ልብሽ እንዳለሽ አድርጊ። ከያስሚን ጋር ሆነሽ ዱዓ አድርጊላት፤ ከቻልሽ በስሟ ለተቸገረ ሰው ምሳ አብዪላት። እኛም እዚህ ሰደቃዋን አውጥተናል። እህልሽን አትተዪ። ማልቀስ ሲያምርሽ ብቻሽን ሆነሽ አታልቅሺ፤ እጅጋየሁም ብትሆን የደረሰባት ናት፣ ታውቅልሻለች። አላህ ጽናቱን ይስጥሽ፣ በሰው አገር ካለ ክፉ ሁሉ ይከልልሽ፣ እኔንም እስክትመጪ በደህና ያቆየኝ።

አሁን ፖስታው ውስጥ ያለውን ፎቶ አውጪው። ፎቶ ከነቀኑ ብለሻል፤ ይኸው ከነቀኑ ልኬልሻለሁ። ላቀው እንደነገረኝ ካሜራው ሥዕሉን ሲያነሳ ቀኑንም አብሮ ይይዛል፤ የሱሀይብን ቁጥር አንስቶ ዋናውን ቀን አተመልኝ። 27/11/2009 ይላል። በእኛ ኅዳር አሥራ ስምንት ነው፤ ዐረፋ ጁምዓ ላይ የዋለበት፣ ላቀውም ቤታችን መጥቶ ያነሳን ቀን። ሱሀይብ ፊቷን ብቻ ያስቆረጠው ለካ የቀረው እንዳያጋልጠው ኖሯል፤ በስተኋላ እንግዳው፣ የሥጋው ትሪ፣ የእሱም አዲስ ጀለቢያ ይታያል። እኔ ሙሉውን ነው ያሳተምኩልሽ።

ቀኝ እጇን እዪው። ጆሮዋ ላይ የደገነችው የሱሀይብን ስልክ ነው። ያን ቀን ያን ሁሉ እንግዳ ትታ ጥግ ይዛ ያወራችው ካንቺ ጋር ነው። ምን ብለሻት እንደዚያ እንደሳቀች እስከ ዛሬ አላወቅኩም። ማታ ብጠይቃት «የእኔና የልጄ ነው፣ አንተ ምን አገባህ» ብላ ከለከለችኝ። ስትመጪ ትነግሪኛለሽ።

አባትሽ
ዐብዱልከሪም