የወይዘሮዋ ሁለት መኪኖች

ለተከበሩና እጅግ ለምወድዎ አባቴ፤

ከሁሉ አስቀድሞ የናፍቆት ሰላምታዬ ካሉበት ይድረስዎ። እንደምን ሰነበቱልኝ? ጉልበትዎ ተሻለዎት? ሳሉስ ለቀቀዎት? እኔ እስከ ዛሬ ከሰነበተብኝ ሐሳብ በቀር ደኅና ነኝ።

አባዬ፣ የሐሳቤ ምክንያት ይህ ነው። በምሠራበት ጋራዥ፣ ባላቸው የሞቱባቸው አንዲት ወይዘሮ ሁለት የድሮ መኪኖች አሏቸው። አንደኛዋ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ከመሬት የተጣበቀች ቀይ የስፖርት መኪና ናት፤ ሞተሯ ሲነሣ ደረት ውስጥ ይሰማል። ሁለተኛዋ ረጅም ጥቁር የቤት መኪና ስትሆን፣ ውስጧ እንጨትና ቆዳ ነው፤ ብርጭቆ ሙሉ ውኃ ቢይዙባት ጠብ አይልም። ወይዘሮዋ አንዷን ሸጠው፣ ለምትቀረው እኔን በሾፌርነት ሊቀጥሩኝ አስበዋል ተባለ። መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ ወዲህ እንዲህ ያለ ዕድል ገጥሞኝ አያውቅም።

ሐሙስ ዕለት መጡና የትኛዋ ትቅር ሲሉ ጠየቁን። ዋናው መካኒክ፣ ቀይዋ ቆማም ነዳጅ ትጠጣለች ብሎ አጣጣላት። ቀለም ቀቢው ደግሞ ጥቁሯ ለቀብር እንጂ ለሽርሽር አትሆንም ካለ በኋላ፣ የባላቸው ሞት ትዝ ብሎት ምላሱን ነከሰ። ከዚያ አንተስ ልጄ አሉኝ። አራተኛ ክፍል ላይ ያቆምሁት እኔ ላብ አጠመቀኝ።

ሁለቱንም በእጄ የማጸዳ ነኝና የማውቀውን ተናገርሁ። የጥቁሯ የኋላ ወንበር በአንድ ወገን ጎድጉዷል፤ በቀይዋ ግን ያለቀው የሾፌሩ ወንበር ብቻ ነው፣ ጎኑ ያለው እንደ አዲስ ነው፤ ስለዚህ የለመዷትን ጥቁሯን ያስቀሩ አልኋቸው። ዋናው መካኒክ በክርኑ ጎሰመኝ። ለካ ባልየው አንድ ቀን እንኳ በቀይዋ አሳፍረዋቸው አያውቁም፤ እኔ ደግሞ ገበናቸውን በሰው ፊት አወጣሁት። ቦርሳቸውን አንሥተው ሄዱ። ሁለት ቀን ዕድሌን አበላሸሁ እያልሁ ስብሰለሰል ሰነበትሁ።

ዛሬ ተመለሱ። ይቅርታ ልጠይቅ ስንተባተብ፣ ጥቁሯ ትሸጥ ብለው የቀይዋን በር ከፈቱ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ትፈጥንብሻለች ስባል ኖሬአለሁ፣ እስቲ ትፍጠንብኝ አሉና ገብተው ተቀመጡ። በዝግታ ብነዳ፣ እንቁላል ጭነሃል እንዴ ብለው ተቆጡኝ። ስንመለስ ሻሻቸው ትከሻቸው ላይ ወድቆ ነበር፤ ከሰኞ ጀምሮ ሾፌራቸው እኔ መሆኔንም ለባለጋራዡ ነገሩት።

እንግዲህ ይመርቁኝ። አጎቴን፣ ታናሽ ወንድሜን፣ የጎረቤታችንን ልብስ ሰፊም ሰላም ይበሉልኝ። ደብዳቤውን የምታነቢላቸው እኅቴ ሆይ፣ ስለ ፍጥነቱ ያለውን ለእናታችን አታሰሚ፤ ቀስ ብሎ ይነዳል በያት።

ልጅዎ
ከጋራዡ ጀርባ ካለችው ክፍል፣ ኅዳር ፲፪ ቀን