ሠላሳ ሳምንት ሳላውቅ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4

አዲስ አራስ ቤት ሥራ ጀመርኩ። ልጁ የሁለት ቀን፣ ወላጆቹም ከልጁ የማይሻሉ። አልጋቸው መሬት ሊነካ ምንም አልቀረው! ከቢሯችን በወረቀት ተልኮላቸዋል፣ በስልክ ተነግሯቸዋል... አልጋው ከወለሉ ሰማንያ ሳንቲሜትር ካልተነሳ አራስ አላርስም። ወገብ ከየት አምጥቼ?

«በዘጠኝ ወር ውስጥ አራት የአልጋ ማንሻ እግር መከራየት አቃታችሁ?» አልኩት አባትየውን።

«ጊዜው ሮጠብን» አለኝ እየሳቀ። ሮጠብን! የሚስቱ ሆድ ፊቱ ተገትሮ እያየ። እንዲህ ያለ ሰው ያናድደኛል። ከመኪናዬ አውጥቼ አራቱንም ከአልጋው ሥር ራሴ አስገባሁለት።

ከሰዓት ፌና ደወለች። አራተኛው የክሊኒክ ሙከራም... «አልያዘም፣ እማዬ» አለችኝ። ልጄ ሃያ ሰባት ዓመቷ ነው። አራት ዓመት ሙሉ ለእርግዝና ስትዘጋጅ። ኪኒኗን በሰዓቱ፣ ሙቀቷን በየጠዋቱ፣ ወይን የለ፣ ቡና የለ። ባሏ ማርተን እንኳ ቢራ ትቶላታል። እኔ ደግሞ የሰው ልጅ ሳጥብ ውዬ ምን ልበላት? «አይዞሽ» አልኳት። አይዞሽ ምን ያደርግላታል?

ሆዴ ተነፍቷል። አይብ መቀነስ አለብኝ።

አርብ፣ ጥቅምት 7

የሥራ ሱሪዬ አልቆለፍ አለኝ። አብራኝ የምትሠራው ኮሪ ምላሷ አያርፍ... «ሄልማ፣ አርባ ሰባት ሲሞላ ወገብ ጡረታ ይወጣል» አለችኝ። ሳቅን። የወር አበባዬ ከፋሲካ በፊት ጀምሮ ቀርቷል፤ ዕድሜ ነው ብዬ ዘግቼዋለሁ። ዛሬ ግን ልብስ ሳጥፍ አንድ ነገር ውስጤ ተገላበጠ። ጋዝ? እጢ? እናቴ የሞተችው በእጢ ነው። ሰኞ ሐኪም ጋ።

ለባሌ አልነገርኩትም። ሩርድ ቀኑን ሙሉ የወተት ቦቴ ሲነዳ ውሎ ይመጣል። ሌላ ጭንቀት ለምን ልጨምርበት?

ሰኞ፣ ጥቅምት 10

ሠላሳ ሳምንት።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11

ትናንት ከዚያ በላይ መጻፍ አልቻልኩም።

ሐኪሟ ሆዴን በማሽኑ ደጋግማ አየች። እጢ ነው፣ አለቀልኝ አልኩ በልቤ። ከዚያ ድምፁን ከፈተችው። ዱግ ዱግ ዱግ ዱግ... ክው አልኩ። የፅንስ ልብ መሆኑን አጥቼው ነው?

«የማን ነው?» አልኳት። እንደ ጅል። እንደዚያ ብዬ ጠየቅኩ።

«የእርስዎ ነዋ!»

ሃያ ሁለት ዓመት አራስ ሳርስ ኖሬ፣ ስንቷን «እንዴት አላወቅሽም?» ብዬ ተቆጥቼ... ይህች እኔ ነኝ? ሰባት ወር ብስክሌት ነዳሁ። አልጋ አነሳሁ። በሐምሌ ደግሞ የጎረቤት ልደት ላይ ወይን፣ ያውም ሦስት ብርጭቆ። አንዲት ኪኒን አልዋጥኩም። ፌና ግን...

ሩርድ ድንች ሲልጥ ነገርኩት። ቢላዋውን አስቀመጠ።

«ቀልድ ነው?»

«አይደለም።»

«አንቺ ሴትዮ፣ እኔ እኮ በመጋቢት ሃምሳ ልደፍን ነው!» ወንበሩ ላይ ዘፍ አለ። ሳቀ። እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ከዚያ ድንገት ተወው።

«ፌናስ?»

እኔም ከትናንት ጀምሮ ሌላ ነገር አላሰብኩም።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 20

ለራሴ ቢሮ ደወልኩ። አራስ የሚንከባከብ ሰው የሚያዘው በሦስተኛው ወር ነው እያልኩ ስንቱን አስጨንቄያለሁ! ኮሪ አነሳች።

«ስም?»

«ሄልማ።»

«የአራሷን ነው የጠየቅኩሽ።»

«የነገርኩሽ እሱን ነው።»

ቀጥሎ «የእግዜር ያለህ!» ጩኸቷ ስልክ የሚያስፈልገው አልነበረም። ለማንም እንዳትናገር አስማልኳት።

እሑድ ፌና ትመጣለች። እሑድ እነግራታለሁ።

እሑድ፣ ጥቅምት 23

አልነገርኳትም። የሩርድን ሰፊ ሹራብ ለብሼ ከጠረጴዛው ሳልነሳ ዋልኩ። ስለ አምስተኛው ሙከራ አወራችኝ፣ ገንዘቡን ሳይሆን ተስፋውን ነው የፈራሁት አለች። እጇን ያዝኩ። ከጠረጴዛው ሥር፣ ሆዴ ውስጥ፣ እሱ ይራገጣል። የሰረቅኩት ይመስል ደበቅኩት... ከገዛ ልጄ።

ሰኞ፣ ኅዳር 7

ዛሬም አልነገርኳትም። ፈሪ።

እሑድ፣ ኅዳር 13

አወቀች። ከእኔ አፍ ሳይሆን።

ሩርድ የዋህ ነው። ትናንት የአልጋ ማንሻዎቹን ከመኪናዬ አውጥቶ አልጋችንን ከፍ አደረገው። ሊያስደስተኝ። «ሁልጊዜ ቀድማችሁ አዘጋጁ ትያለሽ አይደል?» አለኝ። ዛሬ ፌና ሳትደውል መጣች፣ ብርድ ልብስ ልትወስድ። እኔ ወጥ ቤት ነበርኩ። ደረጃውን ስትወጣ ሰማኋት። መኝታ ቤታችን በር ላይ እግሯ ቆመ። እዚህ አገር እንደዚያ ከፍ ያለ አልጋ አይታ ምን ማለት እንደሆነ የምትጠይቅ ሴት የለችም።

ስትወርድ ፊቷ አመድ መስሏል።

«ማን ነው የሚወልደው?»

ተነሳሁ። ሹራቡ አልሸፈነኝም።

«ስንት ወር?»

«ስምንት።»

«አንቺ?... ሳታስቢው?»

«ሳላስበው ልጄ። ሳላውቀው።»

ሳቀች። እንደዚያ ያለ ሳቅ ከእሷ ሰምቼ አላውቅም። «መቼ ነው ያወቅሽው?»

«አምስት ሳምንት ሊሆነው ነው።»

«አምስት ሳምንት! እዚች ወንበር ላይ ቁጭ ብለሽ፣ እጄን ይዘሽ... ሌላ ማን ያውቃል?»

«አባትሽ። ኮሪም...»

«ኮሪ!» አለች። «ኮሪ እንኳ!»

ብርድ ልብሱን ጥላ ሄደች። ብስክሌቷ ላይ ስትወጣ በመስኮት አየኋት፣ እግሯ ሁለቴ ፔዳሉን ሳተ።

ጠርቼ ላስቆማት ነበር። ምን ብዬ? የጎዳት እርግዝናው ነው ወይስ መደበቄ? መደበቄ ነው። እርግዝናውማ የእኔም ዱብ ዕዳ ነው።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 5

የቅዱስ ኒኮላስ ዋዜማ፣ ስጦታ የምንሰጣጥበት። ፌና ከተወለደች ጀምሮ እሷ የሌለችበት የመጀመሪያው። ማርተን በር ላይ ከረጢት አስቀምጦ «ጊዜ ስጧት» ብሎ ሄደ። ሩርድ ከፈተው። የስሙ የመጀመሪያ ፊደል፣ በቸኮሌት የተሠራ፣ በየዓመቱ እንደምትሰጠን። ዘንድሮ የእሱ ብቻ። የእኔ የለም።

ሩርድ አልበላውም። መሳቢያ ውስጥ ከተተው።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 10

ትናንት ጠዋት ሆስፒታል ወለድኩ። ወንድ። ሦስት ኪሎ ከመቶ ግራም። ጣቶቹን ቆጠርኩ፣ መልሼ ቆጠርኩ። ጤነኛ! ያ ሁሉ ወይንና ብስክሌት ምንም አላደረገውም። አላመንኩም። አሁንም አላመንኩም... ዞር ባልኩ ቁጥር የሌላ ሰው ልጅ ትተውብኝ የሄዱ ይመስለኛል።

ዩርየን አልነው። ሩርድ ለፌና «ወንድ ነው፣ ሁለቱም ደህና ናቸው» ብሎ ላከላት። መልእክቱን አይታዋለች። መልስ የለም።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 13

የምታርሰኝ ኮሪ ናት። አምባገነን!

«ተኚ።»

«ፎጣው እኮ እንደሱ አይታጠፍም...»

«ተኚ አልኩሽ! ስምንት ቀን የእኔ ነሽ!»

እኔም በሰው ቤት እንዲህ ነኝ እንዴ? ጎረቤቱ ሁሉ መጣ። ቅቤ የተቀባ ደረቅ ዳቦ ላይ ለወንድ ልጅ የሚሆነውን ሰማያዊ ከረሜላ እየነሰነሱ በሉ። አንዷ «አያት ሆንሽ ስንል...» ብላ ጀመረችና አፏን ያዘች።

ደወሉ በጮኸ ቁጥር አንገቴን አሰግጋለሁ። እሷ አይደለችም።

አርብ፣ ታኅሣሥ 16

ፌና መጣች።

አልሳመችኝም። ኮቷን ሳታወልቅ አልጋው ጫፍ ጋ ቆመች። ሕፃኑን ብዙ አየችው።

«ትይዢዋለሽ?»

«አልችልም እማዬ። ዛሬ አልችልም።»

«እሺ።»

«ልጠላው ነበር የመጣሁት። እሱ ደግሞ ቁርጥ አባዬን!» አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገች። «በአንቺ ላይ ግን ገና አልበረደልኝም።»

«አውቃለሁ። እንዳላጣሽ ፈርቼ ነው።»

«ይኸው አንድ ወር አጣሽኝ።»

እውነቷን ነው። ወደ ታች ወረደች፣ የመጸዳጃ ቤቱ በር ተዘጋ። ቆየች። ታለቅሳለች አልኩ። ቀጥሎ የውጭው በር። ሳትሰናበተኝ።

በኋላ ኮሪ ደግፋኝ ወረድኩ። መጸዳጃ ቤቱ ግድግዳ ላይ የሁላችን ልደት የተጻፈበት ቀን መቁጠሪያ አለ። የእናቴ፣ የሩርድ ወንድሞች፣ የፌና፣ የማርተን። የታኅሣሥ ዘጠኝን መስመር አየሁ። የፌና ጽሑፍ። በእርጥብ እጅ ተጽፎ ቀለሙ ትንሽ ተዝረክርኳል።

«ወንድሜ» ይላል።

ስሙን አልጠየቀችም። እኔም በድንጋጤ አልነገርኳትም።

እዚያው ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ኮሪ በሩን ደበደበች፣ «ወደቅሽ እንዴ?» አልወደቅኩም አልኳት።

ሩርድ ከሥራ ገብቶ አየው። የልጁን ስም ሊጨምርበት እስክሪብቶ አነሳ። ቀማሁት። ስሙን የጠየቀችን ቀን ራሷ ትጽፈዋለች።