በጋሽ ቸኮል ገንዳ ውስጥ ያለችው ሻርክ

ውድ ወንድሜ ኢሉ፣ እንደምን ከርመሃል? ወገብህስ እንዴት ነው? ቱሪስቶቹን ሻርክ ልታሳዩ ስትወጡ የደቡብ አፍሪካ ባሕር ሲንጥህ ይውላል ብለኸኝ ሐሳብ ገብቶኛል። ሩቲስ ደኅና ናት? ልጃችሁ ሚኪ የወተት ጥርሱን ነቅሎ ጨረሰ? እኔ እህትህ ብርድ ሲሆን ጉልበቴ ከሚያጉረመርምብኝ በቀር ደኅና ነኝ፤ ቤተሰቡም እግዚአብሔር ይመስገን ሰላም ነው።

በስልክ እንዳልነግርህ ኔትወርኩ የወሬውን ግማሽ ይበላዋል፤ ይሄ ደግሞ ግማሹ ሊቀር የሚገባ ወሬ አይደለም። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ጻፍኩልህ፤ ከእናንተ ዘንድ የመጣው አብዶ ወደዚያ ሲመለስ ይዞልህ ይመጣል። ባጭሩ ልጄ ሴና አሸነፈች! አሁን ከሥሩ ላውራልህ።

ሴና የሒሳብ ሥራዋን ትታ ሰዓሊ ነኝ ካለች ወዲህ አባቷ በንቲ እንቅልፍ አልነበረውም። የቀድሞ አለቃዋ ጓደኛው ስለሆነ ወንበሯን እንዲያቆይላት ለመነው። ለእሷም ቁርጡን ነገራት፤ ይህ የጋሽ ቸኮል ሥራ ካማረልሽ እሰየው፣ ካላማረልሽ ግን ብሩሽሽን ሰብስበሽ ቢሮሽ ትገቢያለሽ አላት። እሺ አለች፤ ፊቷ ግን ጥቁር አለ።

ጋሽ ቸኮልን ታስታውሳቸዋለህ፣ ሀና ማርያም ጋ ብሎኬት ይሸጡ የነበሩትን። አሁን የእንግዳ ማረፊያ ከፍተው ከጓሮው የመዋኛ ገንዳ አሠርተዋል። ሴናን ጠርተው “ወለሉ ላይ ታላቁን ነጭ ሻርክ ሣዪልኝ፤ እንግዳ አይቶ ክው ይበል” አሏት። ስታነብና አንተን ስትጠይቅ ከርማ ሚኒባስ ታክሲ የምታህል ሻርክ ወለሉ ላይ ዘረጋች። ሴት ነው ያደረገቻት። ለምን ብላት “በሻርኮች ዘንድ ትልቋ ሴቷ ናት እማዬ” አለችኝ። ለመውለድ የምትደርሰውም ሠላሳ ዓመት ካለፋት በኋላ ነው አሉ! ይህን ለጎረቤቴ ለተሾመች ሳልነግራት አላደርኩም፤ ሴና መቼ ነው የምታገባው እያለች ሰላም የነሳችኝ እሷ አይደለች? “ታዲያ ልጅሽን ባሕር ውስጥ ነው የወለድሻት?” አለችኝ።

ገንዳው ገና ባዶ ሳለ ጋሽ ቸኮል ሊያዩ መጡ። ዞሩ፣ ዞሩና “ነጩ የታለ?” አሉ። እውነትም ከአፍንጫዋ እስከ ጭራዋ ግራጫ ናት። “ነጭ አዝዤ ግራጫ ታመጪልኛለሽ? ቀለም አንሶሽ ከሆነ ንገሪኝ!” ብለው ጮኹ። ሴና ረጋ ብላ፣ ወለል ላይ ያለችዋ የምትታየው ከላይ ነው፣ ከላይ የሚታየው ደግሞ ጀርባዋ ነው አለቻቸው። ጀርባዋ የጠቆረው ቁልቁል ለሚያያት ከጥልቁ ውሃ ጋር እንድትመሳሰል፣ ሆዷ የነጣው ሽቅብ ለሚያያት ከብርሃኑ ጋር እንድትመሳሰል ነው፤ ስሟ የወጣው በሆዷ ነው ብላ አስረዳች። እኔን ያናደደኝ በንቲ ነው። “እኛ ፉሪ ከብት ስናረባ ግራጫዋን ላም ዳለቻ ነው የምንላት፤ ጎንበስ ብሎ ሆዷን አይቶ ስም የሚያወጣ የለም” አላለም መሰለህ? በገዛ ልጁ ላይ!

ያን ጊዜ ነው ያንተ ቪዲዮዎች የደረሱልን። ከጀልባው ቁልቁል ያነሳኸው ላይ የጀርባ ክንፉ ላይ ጠባሳ ያለበት ጥቁር ጥላ ብቻ ሲያልፍ አይተው ጋሽ ቸኮል “ይሄ ሌላ ዓሣ ነው” ብለው ድርቅ አሉ። በሁለተኛው ግን ያችው ባለ ጠባሳዋ ከውሃው ተስፈንጥራ ስትገለበጥ ሆዷ እንደ ወተት ቦግ አለ። ደጋግመው አስከፈቱት። ሴናም አጋጣሚውን ሳታሳልፍ፣ ሳይንቲስቶቹማ ስም ያወጡላት በጥርሷ ነው፣ መጋዝ የመሰለ ስለታም ጥርስ እንደ ማለት ነው ብላ ጨመረችላቸው። “እሺ፣ ውሃ ይሞላና እናያለን፤ በምርቃቱ ቀን ካፈርኩ ግን ነጭ ትቀቢያታለሽ” ብለው ሄዱ።

ምርቃቱ ባለፈው እሑድ ነበር። ጋሽ ቸኮል ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ሱሪያቸውን ጠቅልለው፣ ጠርዙ ላይ ተቀምጠው እግራቸውን ውሃው ውስጥ ነክረው ያወጋሉ። ከማዶ አንዱ እንግዳ ዘሎ ሲገባ ውሃው ተናወጠ፤ ሻርኳም ተነቃነቀች ኢሉ! ወገቧን እየወዘወዘች ወደ እሳቸው የምትመጣ መሰለች። “ኧረ በማርያም!” ብለው ሁለቱንም እግራቸውን ሰብስበው ወደ ኋላ ተንጋለሉ። ሰው ሁሉ በሳቅ ሞተ፤ እሳቸውም እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። ከዚያማ ማን ያቁማቸው! ለመጣው እንግዳ ሁሉ “ነጭነቷ ሆዷ ላይ ነው፤ ከላይ ስትታይ እንዲህ ናት” እያሉ፣ ባሕር ላይ ተወልደው ያደጉ ይመስል ሲያስረዱ አመሹ።

አንዲት የመዋዕለ ሕፃናት ባለቤት ይህን የሣለው ማን ነው፣ ለግድግዳዬ እፈልገዋለሁ ስትል፣ እኔ አፌን ሳልከፍት በንቲ ተነሣ። “የእኔ ልጅ ናት” አላት። እዚያው እንደቆመ ስልኩን አውጥቶ ለዚያ አለቃ ደወለና “ወንበሩን ለሌላ ሰው ስጠው፤ ልጄ ሥራ ይዛለች” አለው። ሴና ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች፤ እኔማ እልልታዬን አቀለጥኩት፣ ተሾመችም ተቀበለችኝ።

ሩቲን ጉንጯን ሳምልኝ፤ የላከችልኝ ሻርፕ ልኬ ነው በላት። ሚኪን አክስትህ በጣም ናፍቃሃለች በለው። ጀልባውን አብሮህ ለሚነዳው ለጓደኛህ ለገዳ ሰላምታዬ ይድረሰው። በንቲ ስምህን ሲያነሳ ውሎ ያድራል፤ ሴና ጉልበትህን ስማለች። ከዚያ ሁሉ ጥርስ ጠብቆ በሰላም ያገናኘን።

እህትህ አማከለች
መካኒሳ፣ አዲስ አበባ
ጥር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.