ስምሽ የተሠረዘበት ወረቀት

ይታይሽ፣ የቤቴ እመቤት፤

ቁስቋም ደጅ ካሳረፍሁሽ ይኸው ስምንት ወር ሊሞላ ነው። እንደምን ከርመሻል ብዬ እንዳልጠይቅሽ መልስ የለሽም። እኔ ደህና ነኝ እንዳልል ደግሞ ውሸቴን ድሮም ታውቂያለሽ።

ቤቱ እንዳለ ነው። የጓሮው ኮክ ዘንድሮ አፈራ፤ አጥር ተሻግሮ ለጎረቤትም ተርፏል። ሽሮ መሥራት ተምሬያለሁ፤ ልጃችን እንጉዳይም አሁን አሁን አፏን ሳታጣምም ትበላልኛለች። ሦስተኛ ክፍልን ጨርሳለች። ጸጉሯን ጎረቤታችን እትዬ ማንጠግቦሽ ትሠራታለች፤ ግን እንደ አንቺ አጥብቃ አይደለምና በሦስተኛው ቀን ይፈታል። እኔም እዚያው ውሃ ክፍል ነኝ። የከተማው ቧንቧ በፈነዳ ቁጥር መሶብ ጥዬ እሮጣለሁ። ለሰው ቧንቧ እንዲህ የሚፈጥን እግር አንቺ ለለመንሽኝ አንድ ጉዳይ ስንት ዓመት እንደተጎተተ ሳስብ ራሴን እታዘባለሁ።

ጉዳዩን ታውቂዋለሽ። ቢሆንም ከመጀመሪያው ላውራው፤ ያልነገርሁሽ አለበት።

ጡረታ የሚባል ነገር በመጣ ጊዜ መሥሪያ ቤታችን ሁላችንንም አሰልፎ ፎርም አስሞላን። ብሞት ጡረታው ለማን እንደሚሰጥ ስጠየቅ፣ ያኔ ሚስቴ የነበረችውን የድብ ባሕሯን ሴት አስመዘገብሁ። ኋላ ከእሷ ጋር በሽማግሌ ተለያየን፤ አንቺን አገባሁ፤ ፎርሙ ግን እንደነበረ ቀረ። አንድ ቀን በጨዋታ መሃል ራሴው ነገርሁሽ። የምትስቂ መስሎኝ ነበር። አልሳቅሽም። ምስር እየለቀምሽ ነበር፤ ቀና ሳትይ፣ «ገንዘቡ ይቅርብኝ፤ ስሜ ብቻ ከስምህ ሥር ይጻፍልኝ። በዚህ ቤት እንደነበርሁ አንድ ወረቀት ይወቅልኝ» አልሽ። ልጅ ከማኅፀንሽ አልወጣም ነበርና ነገሩ ወዴት እንደሚያመራ ገባኝ።

በማግስቱ ሄድሁ፤ ይኼ እውነት ነው። ጸሐፊው የጋብቻ ውል፣ ሁለት ምስክርና የመጀመሪያዋ ሚስቴ የተፋታችበትን ወረቀት አምጣ አለኝ። ፍቺያችን ሽማግሎች ከዋርካ ሥር ተቀምጠው በቃል የጨረሱት ነው፤ ወረቀት ከየት ይመጣል? የእኔና የአንቺ ውል ደግሞ እንፍራንዝ ባሉት አጎትሽ ሣጥን ውስጥ ነበር። ውሉን ሳመጣ ጸሐፊው በዓል አክባሪ ሆኖ ቀረ። ጸሐፊው ሲገኝ ማኅተም ያዡ መስክ ወጥቷል። ሁለቱም ሲገኙ ምስክሮቼ እርሻ ላይ ናቸው። አንድ ቀን ሁሉንም አገናኝቼ በኩራት ብገባ፣ ሴትዮዋ በአጥቢያ ዳኛዋ ፊት መፋታታችንን አምና የፈረመችበት ወረቀት ካልመጣ አይሆንም ተባልሁ።

እስከዚህ ያለው ሁሉ እውነት ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው ውሸት ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ «ዛሬም ጸሐፊው የለም» እያልሁሽ የገባሁት የጸሐፊውን ደጅ ሳልረግጥ ነው። በአዲሱ ባሏ በር ቆሜ ያችን ሴት መለመን ሞት መሰለኝ። ብትስቅብኝስ? ሰዉ ቢሰማስ? አንቺ ስትወተውቺኝ ደግሞ ወራሽ እየለወጡ ሞትን መጥራት ሟርት ነው ብዬ አስፈራራሁሽ። አመንሽኝ። «እንግዲያስ ተወው» አልሽ፤ ዳግመኛም አላነሳሽው። 

ሆስፒታል ከተኛሽ በኋላ፣ ሰርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ እንዲሉ፣ በጭነት ማኪና ተሳፍሬ ድብ ባሕር ሄድሁ። ለሥራ ነው ያልሁሽ ጊዜ ነው። ሴትዮዋን ገብስ ስታነፍስ አገኘኋት። ባሏ መቀመጫ አውጥቶ አስቀመጠኝ። የመጣሁበትን ስነግራት እጇን አራገፈችና፣ «ምነው አያ፣ ለዚች ነው ይኼን ሁሉ ዘመን የቆየኸው? ብትልክብኝስ እኔው እመጣ አልነበር?» አለችኝ። ሦስታችን ዳኛው ዘንድ ሄድን፤ አውራ ጣቷን አተመች። ግማሽ ቀን አልፈጀም። ስመለስ ለሕመምተኛዋ ብላ ለጋ ቅቤ አስያዘችኝ። ያን ሰሞን ራስሽን የቀባሁሽ ቅቤ ከእሷ ነበር። አፍሬ አልነገርሁሽም።

ወረቀቱ ወደ አዲስ አበባ ተላከ። አንቺ ግን አልጠበቅሽውም።

የአርባሽ ማግስት ሥራ ስገባ ጸሐፊው ጠራኝ። ተፈቅዶ፣ ማኅተም ተመቶበት፣ ስምሽ ከስሜ ሥር ተጽፎ መጥቷል። እንኳን ደስ ያለህ አለኝ፤ መሞትሽን አልሰማም ኖሯል። እኔም አልነገርሁትም። ብነግረው ሊሠርዝሽ ነዋ። በዚያ ወረቀት ላይ እንኳ በሕይወት ኑሪ ብዬ ወራት ዝም አልሁ።

ባለፈው ሳምንት ጉድጓድ ገብቼ ቧንቧ ስጠግን አፈሩ ተናደና እስከ ወገቤ ዋጠኝ። ባልደረቦቼ ጎትተው አወጡኝ፤ ከጭረት በቀር የደረሰብኝ የለም። ግን እዚያ ተይዤ ሳለሁ የመጣችብኝ እንጉዳይ ናት። እኔ ብሞት ጡረታዬ የተጻፈው ለሞተች ሰው ነው፤ ልጅቱ ሜዳ ላይ ትቀራለች። እህትሽ ወልዳት ስትሞት በሽማግሌ ፊት የጡት ልጅ አድርገን የወሰድናት ሜዳ ላይ ልንጥላት አልነበረም። አንቺን ላቆይ ብዬ ልጅሽን ልጎዳ ነበር። ይኼንንም ጥፋት ከፊተኛው ላይ ጨምሪልኝ።

ረቡዕ ዕለት የጡት ልጅ ስትሆን የነበሩትን ሁለቱን ሽማግሎች ይዤ ሄድሁ። መሞትሽን ስነግረው ጸሐፊው ቀይ ቀለሙን አነሳ። ቀጭን አድርገህ ሠርዝልኝ ብዬ ለመንሁት። ማስመሪያ ፈልጎ አንድ ቀጭን መስመር አሰመረበት። ስምሽ አሁንም ይነበባል።

ቀጥሎ የእንጉዳይን ስም ጻፈ። የአባት ስም አለኝ፤ የእኔን ነገርሁት። የእናት ስም ሲለኝ፣ የወለደቻት እህትሽ ናትና ሽማግሎቹን ዞሬ ባይ ሁለቱም እኔኑ ያያሉ። ይታይሽ ናት አልሁት።

«አሁን የሠረዝናት?» አለኝ።

እሷው ናት አልሁት። ብዕሩን ለወጠና በጥቁር ቀለም ጻፈሽ።

ፈረምሁ። ወጥቼ ደረጃው ላይ ተቀምጬ አለቀስሁ፤ ሽማግሎቹም ተዉት፣ ይውጣለት አሉ። ይታይሽ፣ ሚስቴ ብዬ ላስጽፍሽ ዘግይቼ በደልሁሽ፤ ይቅር በይኝ። እንጉዳይ ማንበብ ችላለች። ክረምቱ ሲወጣ ወደዚያ ቢሮ እወስዳታለሁ፤ ጸሐፊውን ለምኜ መዝገቡን አስገልጣለሁ። እናት ከሚለው ፊት ለፊት የተጻፈውን ጮክ ብላ ታነበዋለች፤ እኔም ቆሜ እሰማለሁ።

ባልሽ