የእማማ ዓለምነሽ ውጤት

ቡሬ፣ ማክሰኞ ኅዳር 19 ቀን 2004 ዓ.ም.

ዛሬም እማማ ዓለምነሽ የአክታ ምርመራ ውጤታቸውን ብለው ከገጠር ወደ ጤና ጣቢያችን መጡ። ባለፈው ስማቸውን ኮምፒዩተሩ ላይ ፈልጌ ስላጣሁት በባዶ እጃቸው መልሻቸው ነበር። ሳሉ ብሶባቸዋል።

«እስቲ ደግመህ እይልኝ ልጄ» አሉኝ።

ያኔ ነው የፊደሉ ነገር ትዝ ያለኝ። እኔ በዐይኑ «ዓ» ስፈልግ፣ የመዘገበው ሰው በአልፋው «አ» ጽፎት ይሆናል። በጃቫ የኮምፒዩተር ቋንቋ የሠራኋትን የመፈለጊያ ፕሮግራም ከፍቼ የፍለጋ ቀመሩን (ሬጉላር ኤክስፕሬሽኑን) [አኣዐዓ]ለምነሽ ብዬ አስተካከልኩት፤ ከአራቱ በየትኛውም ፊደል ቢጻፍ እንዲያመጣው። ስማቸው ወዲያው ብቅ አለ።

«ተገኘ እማማ!» ብዬ ጮኽኩ።

«ተመስገን!» ብለው እጃቸውን ወደ ላይ ዘረጉ።

ከዚያ ከስሙ ቀጥሎ ያለውን አነበብኩ። የሳንባ ነቀርሳ ይላል።

«ምን ይላል ልጄ?»

«ነርሷ ትንገርዎት» ብዬ ይዣቸው ሄድኩ። ነርሷም መድኃኒቱን ዛሬውኑ አስጀመረቻቸው። ሲወጡ ወደ እኔ ጎራ ብለው «የጠፋብህን ሁሉ ይግለጥልህ» ሲሉ መረቁኝ። «አሜን» አልኩ፤ መድኃኒታቸው በአንዲት ፊደል ምክንያት መዘግየቱን ግን አልነገርኳቸውም።