የተሳሳተው በሩ ነው

ለተከበሩ አማቴ፣

እማማ፣ ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ ተሻለው ወይስ አሁንም ደረጃ ባዩ ቁጥር ግንበኛውን ይረግማሉ? የዓይን ጠብታዎ አላለቀም? ይህን ደብዳቤ ከማንበብዎ በፊት መነጽርዎን ያድርጉ፣ ከዚያ ይቀመጡ። ቆመው እንዳያነቡት። ጮክ ብሎ እንዲያነብልዎ ለጎረቤትም አይስጡ፤ ለምን እንደሆነ መሐሉ ላይ ሲደርሱ ይገባዎታል።

ከመሬት መንቀጥቀጡ በኋላ በሕይወት መኖራችንን ለመንገር በመጀመሪያው አውቶቡስ ሾፌር የላክሁልዎ መልእክት እንደደረሰዎ ተስፋ አለኝ። እኛ ደህና ነን። በእርግጥ በዚህ ሰሞን በእኛ ከተማ «ደህና» የሚባለው የሚተነፍስ ሰው ሁሉ ነው፤ ስለዚህ ዝርዝሩን ልንገርዎ። ልጅዎ ቀኝ እግሩ ሁለት ቦታ ተሰብሮ በጀሶ ታስሯል። ሐኪሞቹ ይራመዳል ብለዋል፤ እኔም ደግሜ ደጋግሜ አስምያቸዋለሁ። እኔ ጭንቅላቴን ተሰፍቻለሁ። ፀጉሬን በአንድ ወገን ላጭተውት ከግራ ስታይ ወታደር፣ ከቀኝ ስታይ ሙሽራ እመስላለሁ። ቤታችን የለም። ቁም ሣጥንዎ ግን አለ።

ያልደወልኩልዎ የስልክ ማማዎቹ ስለወደቁ ነው። ደብዳቤውን የሚያደርስልዎ የነገ ጠዋቱ አውቶቡስ ሾፌር ነው፤ መናኸሪያው ውስጥ የአውቶቡሶቹን መነሻ በድምፅ ማጉያ የምጠራው እኔ ስለሆንኩ ሾፌሮቹ እምቢ አይሉኝም። ከነገ ወዲያ ደግሞ ታናሽ እህትዎ ወደ እርስዎ ይመጣሉ። ቤተሰቡ «ሬዲዮ» የሚላቸው ያለ ምክንያት አይደለም። ገና ሻንጣቸውን ሳያስቀምጡ የሚያወሩልዎ ነገር አለ። የሚያወሩት ደግሞ እውነት ነው፤ ችግሩም እሱ ነው። ከእሳቸው ከሚሰሙት ከእኔ ይስሙት ብዬ ነው የምጽፈው። እርስዎ ካኮረፉን የምንጠጋው ሌላ ሰው የለንም፣ እኔም ያንን የምችለው አይመስለኝም።

ነገሩ የሚጀምረው ከቁም ሣጥኑ ነው። ለሠርጋችን በጭነት መኪና ያመጡልን ቀን ትዝ ይልዎታል? ተሸካሚዎቹ በበሩ አልገባ ብሏቸው መልሰው ሊጭኑት ነበር። እርስዎ እጅዎን ወገብዎ ላይ አድርገው፣ «ቁም ሣጥኑ ልክ ነው፤ የተሳሳተው በሩ ነው» ብለው በሩን ከነመቃኑ አስነቀሉት። ገብቶ ሲቆም የመኝታ ቤቱን ግማሽ ወሰደ። ከዚያን ቀን ጀምሮ አልጋችን ላይ የምንወጣው በጎን ነው። ልጅዎ ካልሲ መፈለግ ሲያምረው እኔ ኮሪደር ወጥቼ እቆማለሁ፤ ለሁለታችን ቦታ የለማ። ያን ዕለት የታችኛዋን መሳቢያ ስበው፣ «ይህቺ ያንቺ አይደለችም። ባለቤቷ እስኪመጣ ባዶዋን ትቀመጥ» አሉኝ። ባለቤቷ ማን እንደሆነ አልጠየቅኩም፤ ሆዴን ስላዩት ገብቶኛል። አራት ዓመት ሙሉ በስልክ ከሰላምታ ቀጥሎ «መሳቢያዋስ?» ይሉኛል። እኔም «ደህና ናት» እላለሁ። ደህና አልነበረችም እማማ። በእልህ የልጅዎን አሮጌ ጫማዎች፣ የተበላሹ ቻርጀሮችና አንድ የተቃጠለ ካውያ ጠቅጥቄባት ነበር።

ወደ መንቀጥቀጡ ልምጣ። የዕረፍት ቀናችን ነበር፤ ምሳ በልተን ጋደም ብለናል። መስታወቱ ተንቀጫቀጨ። ልጅዎ ከባድ መኪና እያለፈ ነው አለኝ። ቀጥሎ ያ ከባድ መኪና በእኛ ላይ አለፈ። አልጋው እኛን ይዞ ወደ ግድግዳው ሄደ፣ ግድግዳው ወደ እኛ መጣ፣ እኛም በአልጋውና በቁም ሣጥኑ መካከል ባለችው ቀጭን መተላለፊያ ውስጥ ተያይዘን ወደቅን። አራት ዓመት ስረግማት የኖርኩት መተላለፊያ ናት። ከዚያ ጣሪያው መጣ።

ያለቀልኝ መስሎኝ ነበር። የላይኛው ፎቅ ወለል እንዳለ ነው የወረደው። ቁም ሣጥንዎ ግን በአንድ ወገን ተሸከመው። እንጨቱ አንድ ጊዜ ሲጥ አለ፣ ከዚያ ዝም ብሎ ቆመ። ኮንክሪቱ ከአፍንጫዬ አንድ ክንድ ያህል ርቆ ቀረ።

ውስጡ ጨለማ ነው፤ አቧራው ጉሮሮ ያንቃል። ልጅዎ ያለው በእግሬ በኩል ነበር፤ እጁ የሚደርሰው የግራ እግሬ ጣቶች ጋ ብቻ ነው። ተጎድተሃል ወይ ስለው፣ ደህና ነኝ፣ እግሬ ትንሽ ተይዟል አለኝ። ጮኽን። የሰማን የለም፤ ከላይ ማሽን እየጮኸ ነው። ከራሴ ለብ ያለ ነገር ወደ ጆሮዬ እየወረደ ነበር። ቀስ በቀስ እንቅልፍ እንቅልፍ አለኝ። ደስ የሚል እንቅልፍ ነበር፣ ምንም የማያሳስብ።

ልጅዎን እርስዎ ያውቁታል። ሰዓት ጠጋኝ ነው፤ ቀኑን ሙሉ በጥቃቅን ጥርሶች ላይ ተደፍቶ ስለሚውል ለእኔ የሚተርፈው ቃል ጥቂት ነው። ስንጣላም የምጣላው ብቻዬን ነው፤ እሱ ተነሥቶ ሻይ ይጥዳል። ያን ቀን ግን አንደበቱ ተፈታ። ዓይኔ ሊከደን ሲል፣ ደግነቱ የእናቴ ቁም ሣጥን አለ አለኝ። ቻልኩት። ከእሷ በላይ ዕቃ መምረጥ የሚያውቅ የለም አለ። እሱንም ቻልኩት። ቀጠለና፣ «ከዚህ ስንወጣ የዚህን ጓደኛ እንድትልክልን እነግራታለሁ። ኩሽና ውስጥ ይገባል» አለ።

እንቅልፌ ብን ብሎ ጠፋ።

ከዚህ በኋላ ያለውን እህትዎ ቃል በቃል ስለሚነግሩዎ እኔም አላሳምረውም። እሱ ኩሽና ከገባ እኔ ከቤት እወጣለሁ አልኩ። ያ ዕቃ የተሠራው ለልብስ ሳይሆን ለበሬ ማደሪያ ነው አልኩ። እናትህ ያመጣችው ብወፍር በጎኑ ማለፍ እንዳልችል ብላ ነው አልኩ። እርስዎ ቤታችን መጥተው ድስት ሲከፍቱ የጉምሩክ ፈታሽ ይመስላሉ አልኩ። ልጅዎ ደግሞ አንዱንም ሳይመልስ አያልፍም! «እሷ ባትከፍተው ጨው መርሳትሽን ማን ይነግርሽ ነበር?» ይለኛል። እኔ ዝም ካልኩ አዲስ ያመጣል። አንድ ጊዜማ ጭልጥ ልል ስል የእግሬን ጣት ቆንጥጦ፣ እናቴ የልጅነት አልጋዬንም ልትልክልን እንደሆነ ነግራኛለች አለኝ። እውነት ብለው ነበር?

እኛ የማናውቀው ከላይ የሚሆነውን ነው። የነፍስ አድን ሠራተኞች አንድ አሠራር አላቸው። አለቃቸው እጁን አንሥቶ ፊሽካ ሲነፋ ማሽኑ ሁሉ ይጠፋል፣ አካፋ የያዘው ባለበት ይቆማል፣ የሚያለቅሰውም አፉን በእጁ ይይዛል። ከፍርስራሹ ሥር የሰው ድምፅ ካለ ለመስማት ነው። መንገዱ በሰው ተሞልቷል፤ ዳቦ ጋጋሪው አለ፣ ፋርማሲስቷ አለች፣ የመናኸሪያው ሰው በሙሉ ወጥቷል፣ ከሁሉም ፊት እህትዎ ቆመው እንባቸውን በመሐረብ ይጠርጋሉ። ፊሽካው ተነፋ። ከተማው ጸጥ አለ። በዚያ ጸጥታ መሐል፣ ጠዋት ማታ አውቶቡስ ስጠራበት ሁሉም በሚያውቀው ድምፄ፣ ከመሬት ሥር ይህ ተሰማ፦

«ስሞት እንኳ ከእናትህ ዕቃ ሥር ልቀበር ነው!»

እህትዎ «እሷ ናት፣ አለች!» ብለው እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘረጉ አሉ። ከዚያ የተባለው ነገር ሲገባቸው ቀስ ብለው አወረዱት።

አለቃው ቧንቧ ወደ ታች አስገብቶ ስንት ናችሁ ብሎ ጠየቀን። ልጅዎ ሁለት ነን አለ። እኔ፣ ከቁም ሣጥኑ ጋር ሦስት አልኩ። አለቃው የሚቆፍሩት ድምፃችንን ተከትለው ስለሆነ ጠባችንን ለአፍታም እንዳናቋርጥ አዘዘን፤ ከወጣን በኋላ ማን ልክ እንደሆነ ራሱ እንደሚዳኘን ቃል ገባ። ስለዚህ እማማ፣ ከዚያ በኋላ የተናገርኩትን ሁሉ የተናገርኩት በትእዛዝ ነው። ይህን እህትዎ ላይነግሩዎ ስለሚችሉ እባክዎ እርስዎ ያስታውሱልኝ።

ያወጡን ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ነው። ሰው አጨበጨበ፤ ከእኔና ከልጅዎ ማን ልክ ነው እያለም በሁለት ቡድን ይከራከር ነበር። በቃሬዛ ሳልፍ ፋርማሲስቷ እጄን ይዛ የእሷም አማት በቤቷ የማይገባ ማቀዝቀዣ እንደሰጠቻት በሹክሹክታ ነገረችኝ።

ሆስፒታል እንደገባን ልጅዎ ወደ ዝምታው ተመለሰ። እኔ ግን ቂም ይዣለሁ። ስፌቱ ትንሽ ሲሻለኝ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጬ፣ የእውነት ሁለተኛ ቁም ሣጥን ትፈልጋለህ ወይ ብዬ ጠየቅኩት። 

«ዝም ስትዪ ፈራሁ» አለኝ። «ሌላ የሚያነቃሽ ነገር አላውቅም።»

እማማ፣ ያን ሁሉ ሰዓት እግሩ ላይ ምሰሶ ነበር። ነርሷ እንደነገረችኝ ሌላ ሰው ቢሆን ከሕመሙ የተነሣ ራሱን ይስት ነበር። እሱ ግን ተጋድሞ ስለ ኩሽና ቁም ሣጥን ያወራልኝ ነበር። አለቀስኩ፤ ክፍሉ ውስጥ ያለው በሽተኛ ሁሉ እስኪያየኝ አለቀስኩ። ይህን ከየት ተማርከው ስለው፣ ከእናቴ አለኝ።

አባታችን፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ከጣሪያ የወደቁ ጊዜ የሆነውን ነገረኝ። እርስዎ በጭነት መኪና ጭነዋቸው ሲሄዱ መንገዱን ሙሉ ስላልተጠገነው አጥር ሲጨቀጭቋቸው፣ እሱ ትንሽ ልጅ ሆኖ ጥግ ይዞ «እናቴ ክፉ ናት» እያለ ሲያለቅስ፣ አባታችን ዓይናቸውን እንደጨፈኑ «እሠራዋለሁ አልኩሽ እኮ» ሲሉ ሐኪም ቤት ደረሱ። ሐኪሙ፣ በመንገድ ላይ ቢያንቀላፉ ኖሮ አይነቁም ነበር አለ። ከዳኑ በኋላ መጀመሪያ የሠሩትም አጥሩን ነበር አለኝ። ይህን ለምን ደብቀውኝ ኖሩ? ድስቱን ሲከፍቱ በሌላ ዓይን አይዎት ነበር። እኔ የምጠላውን ጭቅጭቅ ልጅዎ ከእርስዎ ተምሮ አዳነኝ፤ ይህን ስጽፍም እንባዬ እየቀደመኝ ነው።

አሁን ያለነው የኳስ ሜዳው ላይ በተተከለ ድንኳን ውስጥ ነው። ቁም ሣጥኑን ከፍርስራሹ ያወጡልን ጎረቤቶቻችን ናቸው። አንዱ መዝጊያው ተሰነጠቀ እንጂ ሌላ ምንም አልሆነም። እኔ ከባድ ነገር እንዳላነሣ ሐኪሙ ስለከለከለኝ ቆሜ አዘዝኩ። ድንኳኑ ውስጥ አልገባ ሲላቸው ሁሉም ዞረው አዩኝ። ከመሐላቸው አንዱ፣ አናጢ ነው፣ በጥሩ ዋጋ ልግዛው አለኝ። እኔ እጄን ወገቤ ላይ አድርጌ፣ ቁም ሣጥኑ ልክ ነው፣ የተሳሳተው ድንኳኑ ነው አልኩ። የድንኳኑን ጎን ፈትተው አስገቡት። ልጅዎ ከአልጋው ላይ ሆኖ ሲስቅ እግሩን አመመው። አሁንም አልጋችን ላይ የምንወጣው በጎን ነው።

ስልኩ ቢሠራ ኖሮ ከሰላምታ ቀጥሎ ይጠይቁኝ የነበረውን ደግሞ ልመልስልዎ። ጫማዎቹን፣ ቻርጀሮቹንና ካውያውን አውጥቼ ጥያለሁ። መሳቢያዋን በእርጥብ ጨርቅ ጠርጌ፣ ፀሐይ ላይ አድርቄ፣ ከነርሷ ለምኜ ያመጣሁትን ለስላሳ ጨርቅ አንጥፌባታለሁ። ባለቤቷ እስኪመጣ ባዶዋን ናት። ልጅዎ ገና አያውቅም፤ መሳቢያዋን ማጽዳቴን ማለቴ ነው። ጀሶው ሳይፈታ ብነግረው በአንድ እግሩ ተነሥቶ ሊዘል ይችላል ብዬ ነው። እህትዎም አያውቁም። በዚህ ከተማ ስለ እኔ ሰው ያልሰማው የቀረው ይህ ብቻ ነው፤ ስለዚህ እርስዎ ከሁሉም ቀድመው ይስሙት።

እህትዎ ሲመጡ ምንም እንዳልሰሙ ሆነው ያዳምጧቸው፤ ደስታቸውን አይንሷቸው። ከዚያ ጉልበትዎ ከፈቀደልዎ ይምጡልን። ሲመጡ ድስቱን ይክፈቱ። ጨው ከጎደለው ይናገሩኝ፣ እኔም እመልስልዎታለሁ።

ፈጣሪ ጉልበትዎን ያጽናልኝ። ከእንግዲህ መሬቱ በእግርዎ ሥር ዝም ይበል፤ የእርስዎ ድምፅ ግን ከቤታችን አይጥፋ።

አፏ የማያርፍ፣ የምትናፍቅዎ ምራትዎ